መክሊቱን የቀበረው ማነው?

ውድ አንባቢ፣ ዛንዳምም ይኑሩ አምስተርዳም፣ ሮተርዳምም ይሁን ዘሄግ፣ በዚህ ዘመን ከየአቅጣጫው የሚደርስዎት አንድ ምክር አለ። «መክሊትህን ፈልግ፤ ያኔ ሥራህም ኑሮህም ይቃናል» ይላል። ከሀገር ቤት በሚመጡ መጻሕፍት ሽፋን ላይ ይነበባል፤ ከስልክ ወደ ስልክ በሚተላለፉ ንግግሮች ይሰማል፤ በዓል በመጣ ቁጥር አዳራሽ ተከራይተን ስንሰበሰብም ከተጋበዙት ተናጋሪዎች አንዱ ሳያነሣው አይወርድም። ምክሩ ያምራል፤ ጭብጨባም ያስገኛል። ከጭብጨባው በኋላ ግን በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ወደ መጋዘን የሚገባው ወንድማችንና ቢሮ የምታጸዳው እኅታችን አንድ ጥያቄ ይዘው ይተኛሉ፤ «እኔስ መክሊቴን የት ጣልኩት?» የሚል።

ይህ ጽሑፍ ያንን ምክር ለመሔስ የተነሣ ነው። ተሰጥዖ መኖሩን አልጠራጠርም፤ ክርክሬ በሚገኝበት ቦታ ላይ ነው። መካሪዎቻችን ተሰጥዖን እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ውስጡን ቆፍሮ የሚያወጣው ነገር አድርገው ያቀርቡታል። ከታወቁ ሰዎች ሕይወት የምንማረው ግን ሌላ ነው፤ ተሰጥዖ የሚገለጠው ሰው አንድ ነገር ሲሠራና ያንን ሥራ የሚያውቅ ሌላ ሰው ሲያየው ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለልጆቻችን ግን ብዙ ነገር የተንጠለጠለበት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። መክሊት የሚለውን ቃል ለተሰጥዖ መጠሪያነት ያዋስን የማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ነው። ሆላንዶች «ታለንት» የሚሉትም ከዚያው ምሳሌ የወጣ ነው። መክሊት በመሠረቱ የክብደትና የገንዘብ መለኪያ ነበር፤ አንድ የብር መክሊት ወደ 6000 ዲናር ገደማ ያወጣ ነበር። የቀን ሠራተኛ ደመወዝ በቀን አንድ ዲናር በነበረበት ዘመን፣ አንዲት መክሊት ብቻ የደረሰችው ሦስተኛው አገልጋይ እንኳ ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ የድካም ዋጋ በእጁ ይዞ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ «የእኔ ትንሽ ናት» ብሎ ማማረር አይችልም።

መካሪዎቻችን ከምሳሌው የሚያነሡት የዚህን ሰው መሬት መቆፈር ብቻ ነው። ሁለት ነገር ግን ይዘላሉ። አንደኛ፣ ከሦስቱ አገልጋዮች መክሊቱን ፈልጎ ያገኘ አንድም የለም፤ የሰጣቸው ጌታቸው ነው፤ የሰጣቸውም የየአንዳንዳቸውን ዓቅም አይቶ ነው። አስቀድሞ ያየ ዓይን ነበረ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ጌታው ሰነፉን ሲወቅሰው፣ ራስህ መነገድ ቢያቅትህ እንኳ ገንዘቡን ለለዋጮች ማስቀመጥ ትችል ነበር ይለዋል። ለዋጭ ማለት የዚያ ዘመን ባንክ ነው። እንግዲህ ወቀሳው የሚጸናው ባንክ ባለበት ከተማ ነው። ባንክ በሌለበት፣ ወይም ባንኩ የት እንዳለ ማንም ባልነገረው ጊዜስ? ያን ጊዜ ቆፋሪው አንድ ሰው፣ አካፋ አቀባዩ ግን ብዙ ይሆናል።

የምክር መጻሕፍቱ ብዙውን ጊዜ የጥያቄ ዝርዝር ይሰጣሉ። ምን ስትሠራ ሰዓቱ ሳይታወቅህ ይነጉዳል? በልጅነትህ ምን ያስደስትህ ነበር? ገንዘብ ባያስፈልግህ ኖሮ ምን ትሠራ ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ ክፋት የለውም። ጉድለታቸው፣ መልሱ ሁሉ ሰውየው እስከ ዛሬ ካያቸውና ከሞከራቸው ነገሮች አለመውጣቱ ነው። ክራር ነክቶ የማያውቅ ልጅ ክራር መውደዱን ከየት ያውቃል? ያልቀመሱት ወጥ ጨው ይብዛበት ይነስበት አይታወቅም። ሰው ደግሞ የራሱን ተሰጥዖ አለማወቅ ብቻ ሳይሆን ሊሸሸውም ይችላል። የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረችው ለተሰንበት ግደይ፣ በልጅነቷ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም በማለቷ ከትምህርት ቤት ተባርራ እንደነበረና የተመለሰችው ለመወዳደር ተስማምታ እንደሆነ በሕይወት ታሪኳ ይነገራል። ቅጣቱን አላመሰግንም። ነገር ግን ያን ጊዜ የጥያቄ ወረቀት ቢሰጧት «መሮጥ» ብላ ትጽፍ ነበር ብዬ አላስብም።

ሌላ ምስክር ልጥራ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1947፣ ገና በ15 ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ ሲላኩ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ሀገሪቱ ከጦርነት የወጣችበት ጊዜ ነበርና መሐንዲስ ያስፈልግ ነበር፤ የላኳቸውም ተሳስተዋል አይባልም። የሥዕል ችሎታቸውን አይተው ወደዚያ እንዲያዘነብሉ ያበረታቷቸው በእንግሊዝ ያገኟቸው መምህራን ናቸው። ከዚያ በኋላ ለንደን ውስጥ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ተማሩ። በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውና 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍነው ባለቀለም መስታወት ከዚያ የተገኘ ነው። አንድ መምህር የተማሪውን እጅ ልብ ብሎ ባያይ ኖሮ ኢትዮጵያ አንድ የማዕድን መሐንዲስ ታገኝ ነበር፤ ያንን መስታወት ግን አናይም ነበር።

አሁን ወደምንኖርባት ሀገር እንምጣ። ሲፋን ሐሰን አዳማ ተወልዳ በ2008፣ በ15 ዓመቷ በስደት ሆላንድ ገባች። እዚህ ስትደርስ የጀመረችው ትምህርት ነርስ የሚያደርግ ነበር። ሩጫውን የያዘችው ከትምህርቱ ጋር ጎን ለጎን ነው። በ2011 በአይንድሆቨን የግማሽ ማራቶን ውድድር 1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ገብታ አሸነፈች፤ በ2013 የሆላንድ ዜግነት አገኘች። በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ፣ በ1500 ሜትር ነሐስ ወሰደች። በ2024 በፓሪስ በሁለቱ የመም ውድድሮች ሁለት ነሐስ ካገኘች በኋላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈች፤ ትዕግሥት አሰፋን የቀደመቻት በ3 ሰከንድ ብቻ ነበር።

ይህን ታሪክ በየአዳራሹ የሚተርኩልን ሰዎች «በራሷ አመነች፤ ሕልሟን ተከተለች» ብለው ይዘጉታል። እኔ ግን አንባቢን በመካከል ያለውን ነገር እንዲያይ እለምናለሁ። በአይንድሆቨን የአትሌቲክስ ክለብ ነበረ። ክለቡ መም፣ አሠልጣኝ፣ የልምምድ ሰዓትና አብሮ የሚሮጥ ሰው ነበረው። ልጅቷ ቋንቋውን ገና እየተማረች ሳለ ሰዓቷን የሚይዝላት ሰው አገኘች። ጉልበቷና ጽናቷ የራሷ ናቸው፤ ማንም አይወስድባትም። ነገር ግን ያ ሜዳ ባይኖር ወይም እሷ ወደ ሜዳው ባትሄድ ኖሮ፣ ዛሬ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ፈጣን እርምጃ ያላት ጎበዝ ነርስ ትሆን ነበር፤ ፍጥነቷንም ከሥራ ባልደረቦቿ በቀር የሚያውቀው አይኖርም ነበር።

የሄንገሎን ስታዲየም ያስቡ። በሰኔ 2021 ሲፋን በ10 ሺህ ሜትር 29 ደቂቃ ከ06.82 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ከሁለት ቀን በኋላ ያቺው አልሮጥም ብላ የነበረችው ለተሰንበት፣ በዚያው መም ላይ 29 ደቂቃ ከ01.03 ሰከንድ ገብታ ክብረ ወሰኑን ወሰደችው። ኃይሌ ገብረሥላሴም በ1995 እና በ1998 የ10 ሺህ ሜትር፣ ቀነኒሳ በቀለም በ2004 የ5 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበሩት እዚያው ነው። ሄንገሎ ሯጭ የምታበቅል ከተማ ስለሆነች አይደለም፤ መሙ፣ ዳኛው፣ ሰዓቱና አዘጋጁ ተሰናድተው ስለሚጠብቁ ነው። ተሰጥዖ ከሩቅ ይመጣል፤ የሚመዘነው ግን ሚዛን ባለበት ነው።

በዚህ ነገር ላይ ከብዙዎቹ የምክር መጻሕፍት ይልቅ የሚያስተምር አንድ ፊልም አለ። ጄሪ ሮዝዌል የተባለው እንግሊዛዊ ዳይሬክተር በ2012 ያወጣው፣ ርእሱም «የሯጮች ከተማ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው ዘጋቢ ፊልም ነው። ስለ አርሲዋ በቆጂ ነው። ከዚህች ትንሽ ከተማና ከአካባቢዋ የወጡ አራት ሰዎችን ብቻ እንቁጠር። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እና በ2000፣ ፋጡማ ሮባ በ1996፣ ቀነኒሳ በቀለ በ2004 አንድ፣ በ2008 ሁለት፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 ሁለት፣ በ2012 አንድ፤ ድምሩ ዘጠኝ የኦሊምፒክ ወርቅ ነው። ከፍታው፣ አየሩ፣ ገብሱ እየተባለ ብዙ ምክንያት ይሰጣል። ግን በአርሲና በባሌ፣ በሰሜን ሸዋና በጎጃም በዚያው ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ስንት ናቸው? በቆጂን የለየው አንዱ ነገር አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነው። የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበረ ሰው ነው፤ በየማለዳው ልጆችን ሰብስቦ ያሮጣቸዋል፣ ያያቸዋል፣ ይመርጣቸዋል።

ፊልሙ የሚከተለው ዓለሚና ሐዊ የተባሉ ሁለት ልጃገረዶችን ነው። ሁለቱም ከአንድ ከተማና ከአንድ አሠልጣኝ የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም ማልደው ይነሣሉ። በኋላ ግን ወደተለያዩ ማሠልጠኛዎች ይሄዳሉ፤ የሚያገኙትም እንክብካቤ አንድ ዓይነት አይሆንም። የፊልሙ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፤ ለድል ብቻ ሳይቸኩል፣ ተሰጥዖ ያለው ልጅ በማይመች ቦታ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን በትዕግሥት ያሳየናል። ከአዳራሽ ንግግሮች የሚጎድለውም ይህ ነው። እነሱ የሚያመጡልን ያሸነፈውን ብቻ ስለሆነ፣ ያልተሳካለት ሁሉ ያላመነ ወይም ያልጣረ ይመስላል።

ስለ ፊልሙ አንድ ነገር ልጨምር። ታሪኩን የሚነግረን ሯጭ አይደለም፤ ብሩክ የሚባል፣ ኪዮስክ የሚጠብቅ ልጅ ነው። ሁሉ በሚሮጥበት ከተማ እሱ ተቀምጦ ያያል፣ ያዳምጣል፣ ይተርካል። በእኔ አስተያየት በፊልሙ ውስጥ ካሉት ተሰጥዖዎች አንዱ የዚህ ልጅ አንደበት ነው። በቆጂ ሯጭ የሚያይ ዓይን አላት፤ ተራኪ የሚያይ ዓይን ግን ከውጭ ካሜራ ይዞ መጣ። ማንኛውም ማኅበረሰብ የለመደውን ተሰጥዖ ፈጥኖ ያያል፤ ያልለመደውን አጠገቡ ተቀምጦ አያየውም። የእኛም ማኅበረሰብ ሕመም ይኸው ይመስለኛል።

«ተሰጥዖ ምንም አይደለም፤ ዋናው ልምምድ ነው፤ 10 ሺህ ሰዓት የሠራ ሁሉ ሊቅ ይሆናል» የሚል ተቃራኒ ስብከትም አለ። ይህን አባባል በዓለም ያዳረሰው ማልኮም ግላድዌል በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። የተነሣበት ጥናት ግን አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በበርሊን በቫዮሊን ተማሪዎች ላይ አድርገው በ1993 ያወጡት ነው። ኤሪክሰን ራሱ በኋላ እንዳስረዳው 10 ሺህ ሰዓት የበላጮቹ ተማሪዎች አማካይ እንጂ ደፉ አይደለም፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በዚያ ዕድሜ እዚያ ቁጥር ላይ አልደረሱም ነበር። ከቁጥሩ ይልቅ እሱ አጥብቆ የያዘው የልምምዱን ዓይነት ነው፤ ስሕተትን ለይቶ የሚነግር መምህር ያለበት ልምምድ። እንግዲህ ከዚህም በኩል ብንሄድ የምንደርሰው እዚያው ነው፤ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ይዘን ወደየቤታችን እንግባ። መክሊት በመጀመሪያ የሚቀበረው ቤት ውስጥ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል ተረት አለን። ለራት አለመብቃቱ እውነት ነው፤ ግን ሳያቦካ ማቡካት የተማረ ሰው የለም። እንበልና ዛንዳም ውስጥ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የጎረቤቶቿን ብስክሌት ትፈታለች፣ ትጠግናለች፣ እጇ ዘይት ሆኖ ትመጣለች። አብዛኞቻችን የምንላት «ታጠቢና መጽሐፍሽን አንሺ» ነው። ሐኪም ወይም የሕግ ሰው እንድትሆን ነውና ምኞታችን ከፍቅር የመነጨ ነው። በእጅ የሚሠራን ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ዝቅ አድርገን አይተናል፤ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው ሰድበናል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ ከሻንጣችን ጋር ተሻግሮ እዚህ ደርሷል።

ዛንዳም ደግሞ ይህን ንቀት የሚያሳፍር ታሪክ አላት። በነሐሴ 1697 የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ማንነቱን ሰውሮ፣ የመርከብ ሥራ ለመማር ወደዚህች ከተማ መጣ። ያረፈው ገሪት ኪስት በሚባል አንጥረኛ ትንሽ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። ወሬው ስለወጣና ሕዝብ ስላስቸገረው ከሳምንት በኋላ ወደ አምስተርዳም ሄደ፤ እዚያም በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የመርከብ ማነጫ ለወራት እንደማንኛውም ሠራተኛ በእጁ ሠርቶ ከመርከብ ሠሪዎቹ አለቃ የምስክር ወረቀት ተቀበለ። ያ ቤት እስከ አሁን ድረስ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ልጆችዎን ይዘው ይሂዱ። ንጉሥ በአንጥረኛ ቤት አድሮ ሙያ የተማረበትን ስፍራ ማየት ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ሁለተኛው የመቀበሪያ ቦታ ትምህርት ቤት ነው። በዚህ ሀገር ልጆች ኽሩፕ 8 ሲደርሱ፣ በ12 ዓመታቸው ገደማ፣ ትምህርት ቤቱ ምክር ይሰጣቸዋል፤ ወደ አራት ዓመቱ ቬኤምቤኦ፣ ወደ አምስት ዓመቱ ሃቮ ወይስ ወደ ስድስት ዓመቱ ቬዌኦ። ቋንቋውን ዘግይቶ የጀመረ ልጅ ጭንቅላቱ ሳይሆን አፉ ሊመዘን ይችላል። ብዙ ወላጆች ምክሩን እንደ ፍርድ ተቀብለው ዝም ይላሉ። እንዲያውቁት የምፈልገው ይህን ነው፦ ጊዜያዊው ምክር በጥር (ያንዋሪ) ይሰጣል፤ ፈተናው በየካቲት (ፌብሩዋሪ) ነው። ፈተናው ከምክሩ ከፍ ያለ ውጤት ካሳየ ትምህርት ቤቱ ምክሩን ከፍ ማድረግ አለበት፤ ለልጁ አይበጅም ካለ ምክንያቱን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ፈተናው ዝቅ ቢል ግን ምክሩ ዝቅ አይደረግም። ስለዚህ በጥር ወር ትምህርት ቤት ይሂዱ፣ ይጠይቁ፤ ቋንቋው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ የሚሆን ሰው ይዘው ይሂዱ።

ሌላው ወገን ደግሞ ልጁ ቬኤምቤኦ ተባለ ብሎ ሐዘን ይቀመጣል። ከቬኤምቤኦ ወደ ኤምቤኦ፣ ከኤምቤኦ አራተኛ ደረጃ ወደ ሃቤኦ የሚወስድ መንገድ ክፍት ነው። ኤምቤኦ ውስጥ ደሞዝ እየተከፈለ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን በሥራ ቦታ፣ ቀሪውን በትምህርት ቤት የሚያሳልፉበት ክፍልም አለ፤ ቤቤኤል ይሉታል። ይህ ለአዋቂም ያገለግላል። ያቺ ብስክሌት ጠጋኝ ልጅ በዚህ መንገድ ሄዳ መሐንዲስ ብትሆን ማን ይከለክላታል? ጎበዝ መካኒክ ሆና ብትቀርስ ምን ጎደለባት?

ሦስተኛው ቦታ የእኛ የአዋቂዎቹ መሳቢያ ነው። ዲፕሎማችን በፌስታል ተጠቅልሎ እዚያ ተቀምጧል። የሀገር ቤት ዲፕሎማ እዚህ ከየትኛው ደረጃ ጋር እንደሚመጣጠን የሚገምቱ ኑፊክና ኤስቤቤ የሚባሉ ድርጅቶች አሉ። ሐኪምና ነርስ ከዚህ ሌላ ቢግ በሚባለው መዝገብ መግባት አለባቸው። ስደተኛ ተማሪዎችንና ምሁራንን የሚረዳው ዩኣኤፍ ከ1948 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው። ወረቀት ሳይኖረው በሥራ የተካነ ሰውም በልምዱ ተመዝኖ ምስክር የሚያገኝበት ኤቬሴ የሚባል አሠራር አለ። ባንኮቹ እነዚህ ናቸው። የሚሰጡት ወለድ አንዳንዴ ትንሽ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው፤ ቢሆንም ከመሳቢያ ይሻላሉ።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችን ጠባይ መንገድ ይዘጋብናል። «ሙያ በልብ ነው» ብለን አድገናል። ራስን ማመስገን ነውር ነው። የዚህ ሀገር ቀጣሪ ግን በማመልከቻ ደብዳቤ ላይ «ምን ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዝም ያለውን የማይችል አድርጎ ይወስደዋል። ጨዋነታችንን እንጣል አልልም። ራስን ሳያመሰግኑ ሥራን መዘርዘር ይቻላል። «ጎበዝ ነኝ» ከማለት «ስድስት ዓመት ሒሳብ ይዣለሁ፣ ለሠላሳ ሠራተኛ ደሞዝ አዘጋጅቻለሁ» ማለት ይሻላል፤ ይህ ጉራ ሳይሆን ምስክርነት ነው። ያስተማረዎት ወይም ያሠራዎት ሰው እንዲመሰክርልዎት መጠየቅም ነውር የለበትም።

አሁን አንባቢ ሊቆጣኝ ይችላል። «ሌሊት ተነሥቼ እቃ ስጭን ውዬ፣ ኪራይ ከፍዬ፣ ለእናቴ ልኬ፣ ስለ የትኛው መክሊት ነው የምታወራኝ?» ሊለኝ ይችላል። ትክክል ነው። ስለዚህም ነው «ሥራህን ትተህ ስጦታህን ተከተል» የሚለውን ምክር አደገኛ የምለው። ተናጋሪው ለንግግሩ ተከፍሎት ይሄዳል፤ ኪራዩ ግን የአድማጩ ነው። ሲፋንም ከሩጫው ጎን ለጎን ሙያ ስትማር እንደነበረ አይርሱ። ተሰጥዖ ሁልጊዜ እንጀራ አይሆንም፤ ከሺህ ሯጭ ኦሊምፒክ የሚደርሰው አንድ ላይሆን ይችላል። የእኔ ሐሳብ ከዚያ ያነሰና የሚቻል ነው፤ እንጀራውን ሳይለቁ በሳምንት አንድ ምሽት፣ ካልሆነ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከእርስዎ የተሻለ ሰው ሥራዎን ሊያይ በሚችልበት ቦታ ይገኙ። ዘማሪ ከሆኑ የመዘምራን ቡድን፣ የእንጨት ሥራ ከወደዱ የሰፈር ወርክሾፕ፣ የሚጽፉ ከሆነ ጽሑፍዎን ያለ ሐፍረት የሚያርም አንባቢ። «ዕድሜዬ አለፈ» የሚሉ ካሉ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በ1960 ሲያሸንፍ የ28 ዓመት ወታደር እንደነበረ፣ ሲፋንም የመጀመሪያ ማራቶኗን ለንደን ላይ በ2023 ስትሮጥና ስታሸንፍ 30 ዓመት ሞልቷት እንደነበረ ያስታውሱ።

ለልጆች ደግሞ በሩ ከእኛ ዘመን ይልቅ ሰፊ ነው። የስፖርት ክለቦች በየሰፈሩ አሉ። የክለብ ወይም የሙዚቃ ትምህርት ክፍያ የሚከብደው ቤተሰብ የሕፃናት የስፖርትና የባህል ፈንድ እንዲከፍልለት በመምህሩ ወይም በማኅበራዊ ሠራተኛ በኩል ማመልከት ይችላል። ቤተ መጻሕፍት እስከ 18 ዓመት በአብዛኛው ነጻ ነው። ልጁ በአንድ ዓመት ሦስት ነገር ሞክሮ ሁለቱን ቢተው ገንዘብ ባከነ አይበሉ፤ የማይሆነውን ማወቅም ፍለጋ ነው።

በመጨረሻ ለየማኅበሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። በዓል በማዘጋጀት፣ ለቅሶ በመድረስ፣ ለታመመ ገንዘብ በማሰባሰብ ማንም አይወቅሰንም። በመካከላችን ነርስ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ ፀጉር ሠሪ፣ ሒሳብ አዋቂ፣ ምግብ አብሳይ፣ ሠዓሊ አለ። ልጆቻችን ግን እነዚህን ሰዎች የሚያውቋቸው በበዓል ልብስ፣ ክትፎ ሲበሉ ነው። በዓመት ሁለት ቅዳሜ እነዚሁ ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው ይምጡ፤ ልጆቹም ይንኩት፣ ያበላሹት፣ ይጠይቁ። ባለሙያዎቹ ደግሞ የልጆቹን እጅ ይዩ፤ ያዩትንም ለወላጅ ይንገሩ። ለዚህ ተጋባዥ ተናጋሪ አያስፈልግም፤ የአዳራሽ ኪራይና ቡና ይበቃል።

ርእሱ ላይ ያነሣሁትን ጥያቄ እንግዲህ ለእርስዎ እተወዋለሁ። በቤትዎ፣ በጎረቤትዎ፣ በማኅበርዎ አንድ ነገር ሲሠራ ደጋግመው ያዩት፣ ግን ማንም ምንም ያላለው ሰው ይኖራል። ይህ መጽሔት ከእጅዎ ሳይወርድ ስሙን ያስቡ፤ ከዚያም በዚህ ሳምንት «ይህን ነገር ስትሠራ አይቼሃለሁ፤ ትችላለህ፤ እስቲ እዚህ ቦታ ሄደህ አሳያቸው» ይበሉት። ቦታውን ካላወቁት አብረው ይፈልጉ። ያዩትን ይጻፉልን፤ እናነበዋለን።